የደብረ ብርሃኑ ወተት ቤት፦ የፈላው ወተትና የቀዘቀዘው አይብ

ደብረ ብርሃን በወተት የታወቀች ከተማ ናትና ወተት ቤት አይታጣባትም፤ ይህን ቤት ከሌሎቹ የለየልኝ ግን ጥሬ ወተት ለማንም አለመቅዳቱ ነው። ወተቱ በትልቅ ብረት ድስት ገንፍሎ እስኪነሳ ከፈላ በኋላ በንጹሕ ጭልፋ እየተቀዳ ይቀርባል፤ ወፍራም ነው፣ ውኃ አልገባበትም።

ቅሬታዬ በአይቡ ላይ ነው። አይብ አሬራው እሳት ላይ ተጥዶ የሚገኝ ቢሆንም ከተጠለለ በኋላ እጅና ዕቃ ይነካዋል። እዚህ ደግሞ ክዳን በሌለው ሳህን፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከጥሬ ወተት ጀሪካን ሥር ተቀምጦ አየሁት። ስጠይቅ «ቅዝቃዜ ላይ ስለሆነ ሳምንት ቢቆይም ምንም አይሆንም» ተባልኩ።

ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የተባለው ባክቴሪያ ግን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድም ቀስ እያለ ይራባል። እጅግ የሚያስደንቀው በቅዝቃዜ ሲራባ የማጥቂያ ትጥቁን አለማምረቱ ነው። የበሽታ አምጪነት ጂኖቹን የሚያዝዘው ፕርፍኤ የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ ፕሮቲኑ የሚሠራበትን መመሪያ የተሸከመው መልእክተኛ አር ኤን ኤ ከ30 ዲግሪ በታች ጫፉ በራሱ ላይ ታጥፎ ራይቦዞም (ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ አካል) የሚያርፍበትን ቦታ ይሸፍናል፤ በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በሰውነታችን ሙቀት፣ እጥፋቱ ይፈታና ፕርፍኤ በብዛት ይመረታል። ይህ በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተገልጿል። ባክቴሪያው ወደ ሕዋስ ሲገባ የታሰረበትን ከረጢት ሊስቴሪዮላይሲን ኦ በተባለ ፕሮቲኑ በስቶ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላም ግሉታታዮን የተባለው የሕዋሱ ሞለኪውል ከፕርፍኤ ጋር ተጣብቆ ይበልጥ ያነቃዋል፤ ያን ጊዜ ወደ ጎረቤት ሕዋስ የሚያሻግረውን ፕሮቲን በገፍ ያመርታል። በጎችን አንጎላቸውን አጥቅቶ በአንድ አቅጣጫ የሚያዞራቸውም ይኸው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ የመንዝ በግ አርቢዎቻችንም ቢያውቁት እወዳለሁ።

እንግዲህ ማቀዝቀዣው ባክቴሪያውን አይገድለውም፤ ትጥቁን የሚያነሣው ከተበላ በኋላ ነው። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ በቀላሉ ያልፈዋል፤ በነፍሰ ጡር ላይ ግን ወደ ጽንሱ ተሻግሮ ውርጃ ሊያስከትል ይችላል፤ አረጋውያንንም ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እኅቶቻችን አሁን ባለበት አያያዝ የዚህን ቤት አይብ ባይበሉ እመክራለሁ።

የቤቱ ባለቤት አይቡን ከጥሬ ወተቱ ለይተው፣ በክዳን ዕቃ አድርገው፣ በየዕለቱ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ቢያዘጋጁ ቅሬታዬ ይነሣል። እስከዚያው ለወተቱ ከ5 ኮከብ 5፣ ለአይቡ 2 ሰጥቻለሁ።