ስድስት ዙር ሌዘር በልጄ ጉንጭ ላይ፦ ያገኘነውና ያላገኘነው

ልጄ ስትወለድ ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ ላይኛው ከንፈሯ የሚደርስ፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ምልክት ፊቷ ላይ ነበር። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን ስድስት ጊዜ ፐልስድ ዳይ ሌዘር የሚባል የብርሃን ሕክምና ተደርጎላታል። ይህን የምጽፈው «ላስደርግላት ወይስ ልተወው» እያለች ሌሊት ስልኳን ለምትጎረጉር እናት ነው። እኔም ያኔ አጥብቄ የፈለግሁት፣ ነገሩን አልፎበት የሚነግረኝ ሰው ነበር።

ከሁሉ በፊት ምልክቱ የትኛው እንደሆነ በሐኪም ይለይላችሁ። ሄማንጂዮማ የሚባለው ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ከተወለደ ሳምንታት በኋላ ብቅ ብሎ ያብጣል፣ ከዚያ በዓመታት ውስጥ በራሱ እየከሰመ ይሄዳል፤ ሕክምና ካስፈለገው ደግሞ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የሚጠጣ መድኃኒት አለ። የልጄ ግን ፖርት ወይን ስቴይን ነው። ሲወለዱ ጀምሮ አለ፣ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ በራሱ አይጠፋም፤ ዕድሜ ሲገፋ ሊጠቁርና ሊወፍርም ይችላል። «ስታድግ ይለቃታል» እያሉ ያጽናኑኝ ሰዎች የሚያውቁት ያንኛውን ነው። እነሱን ሰምቼ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ቆዳዋ ስስ፣ ጉንጯም ትንሽ ሳለ ብንጀምር ይሻል እንደነበር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

«በእርግዝናሽ ጊዜ ምን አማረሽ?» የሚለው ጥያቄም ነበር። የቆዳ ሐኪሟ ሲያስረዱኝ፣ ገና በማህፀን ሳለች በጥቂት ሴሎች ውስጥ ብቻ በአጋጣሚ የተፈጠረ የጂን ለውጥ ነው፤ ጂኑ ጂኤንኤኪው ይባላል፣ ተመራማሪዎችም የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከእናትም ከአባትም አልወረሰችውም፤ እኔ በበላሁት ወይም ባየሁት የመጣ አይደለም። ደግመው እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ ደግመው ነገሩኝ።

ምልክቱ የዓይኗን ቆብ ስለሚነካ ግላኮማ ለሚባለው፣ ማየትን ለሚጎዳ የዓይን ሕመም የዓይኗ ግፊት ተለካ፤ ደህና ሆነ። ግንባር ላይ ያለባቸው ልጆች ደግሞ ስተርጅ ዌበር ስለሚባለው፣ አንጎልንም ስለሚነካው ሕመም መመርመር አለባቸው። ይህ ከመልክ ጉዳይ ይቀድማል።

ወደ ሌዘሩ ልምጣ። የኛው የብርሃን ሞገድ ርዝመቱ 595 ናኖሜትር ነበር። ብርሃኑን በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይስበዋል፣ የሰፋው ቀጭን የደም ሥር በሙቀቱ ይዘጋል፤ ከእያንዳንዱ ምት በፊት የሚረጨው ቀዝቃዛ ነገር ላይኛውን ቆዳ ይጠብቃል። ጠይም ቆዳ ላይ ግን ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃኑን ስለሚሻማ፣ ጠቆር ወይም ነጣ ያለ ጠባሳ ሊተው ይችላል። ልጄ ጠይም ስለሆነች መጀመሪያ ጆሮዋ አጠገብ ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ሳምንታት ጠበቅን። ይህን ሳያደርግ ፊቷን በሙሉ ልጀምር የሚል ካጋጠማችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በማደንዘዣ ቅባት ብቻ ነበሩ። ጥቂት ደቂቃ ናቸው፤ አዋቂዎች ምቱን በላስቲክ እንደመመታት ነው ይላሉ። እኔ ግን እጆቿን ጥፍር አድርጌ ይዤ ስትጮህ የሰማሁትን አልረሳውም። ከሦስተኛው ጀምሮ በሙሉ ማደንዘዣ ሆነ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ጉንጯ ሳንቲም ሳንቲም በሚያካክሉ የበለዙ ክቦች ይሞላል፤ ለመጥፋት አሥር ቀን ያህል ይፈጃል። ወረፋ ላይ አንዲት ሴትዮ «ማነው እንዲህ የመታት?» ብለው አፈጠጡብኝ። ከዚያ ወዲህ ከሕክምና በኋላ ስወጣ መልሱን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነው።

አሁን ወደ ውጤቱ። በጆሮዋ በኩል ያለው በጣም ደብዝዟል፤ አንዳንድ ቀን እኔም ፈልጌ ነው የማገኘው። ከአፍንጫዋ እስከ ከንፈሯ ያለው ግን እምብዛም አልተነካም። የፊት መሀል አካባቢ እንደሚያስቸግር፣ የደበዘዘውም ከዓመታት በኋላ መልሶ ሊቀላ እንደሚችል ሐኪሟ አስቀድመው ነግረውኛል። ለሕክምናው ከአምስት አራት የምሰጠውም ስላልተዋሸሁ ነው።

አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ግን በሌዘሩ ምክንያት አይደለም። በመጀመሪያው ክሊኒክ አንዲት ሠራተኛ ልጄን ጉንጯን ዳሰስ አድርጋ «ይቺን አስቀያሚ ነገር እናጠፋልሻለን» አለቻት። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳይ፣ ልጄ በርጩማ ላይ ቆማ ጉንጯን በሳሙና ታሻለች። ቆዳዋ ደም መስሏል። «አልለቅ አለኝ እማዬ» አለችኝ። ያን ክሊኒክ ትተን ሌላ ጋ ሄድን። በአዲሱ የሚሉት «ቀዩን እናደበዝዘዋለን» ብቻ ነው፤ ስለ አስቀያሚነት አንድ ቃል አይወጣቸውም። ክሊኒክ ስትመርጡ ለልጁ እንዴት እንደሚናገሩ አዳምጡ። እኔ ከማሽኑ በቀር ስለ ሌላ ነገር አልጠየቅሁም ነበር።

ቤት ውስጥ አንዲት አጭር መልስ ተለማመድን። የመጫወቻ ቦታ ልጆች ሲጠይቋት «አብሮኝ ነው የተወለደው፣ አያመኝም» ትላለች፤ እነሱም ወደ ዥዋዥዌው ይሮጣሉ።

ሰባተኛ ዙር ተነግሮን ነበር፤ ለጊዜው አቆይተነዋል። ትንሽ አድጋ ትፈልገው እንደሆነ ራሷ ብትነግረኝ እመርጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን፣ ኤስፒኤፍ 50 የሆነውን የፀሐይ መከላከያ ራሷ ትቀባለች፤ ምልክት ያለበትንም የሌለበትንም ጉንጯን፣ ከዚያ የእኔን።