«ከቤቱ ትንሽ ፐርሰንት ነው» የሚለውን የውርስ ውል እንዳትፈርሙ

ድሬ ላይ የውርስ ጉዳይ ኖሮት ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ገና ከባጃጅ ሳይወርድ አንዱ ጠጋ ይለዋል። «የውርስ ነው? ጠበቃ አለኝ። ወራሽነቱን፣ ስም ማዞሩን፣ ኑዛዜም ካስፈለገ ኑዛዜውን ጠቅልሎ ይጨርስልሃል።» ስንት ነው ሲባል በብር አይናገርም። «ከቤቱ ትንሽ ፐርሰንት ነው እንጂ አሁን ከኪስህ አምስት ሳንቲም አታወጣም» ይላል።

እንዲህ ያለ ውል ሰሞኑን እጄ ገብቶ አንብቤዋለሁ። ሳቢያን የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው የተሰጣቸው። ልጃቸው ከመፈረማቸው በፊት «እስቲ እየው» ብሎ አመጣልኝ። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ቤቱን ሁለቱ በትዳር ዘመናቸው ነው የሠሩት። ልጆቹ ሁሉም ተስማምተዋል። ጠብ የለም፣ ክርክር የለም። ውሉ ግን የጠበቃው አበል «ከቤቱ ወቅታዊ የገበያ ዋጋ ከመቶ 15» ነው ይላል። «ቤቱ ተሸጠም አልተሸጠም» ይከፈላል። ቀጥላ ያለችው መስመር ናት ያስደነገጠችኝ፦ ደንበኛው ውሉን ካቋረጠ ሙሉውን ይከፍላል።

ቤት ሳይሸጥ ከመቶ 15 ከየት ይመጣል? ለአበሉ ሲባል ቤቱን መሸጥ ነው።

ይባስ ብሎ ስሌቱ ራሱ ትክክል አይደለም። ቤቱ የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ስለሆነ ግማሹ ድሮም የእናትየው ነው። ውርስ ውስጥ አይገባም። ወደ ልጆች የሚወርደው የአባትየው ግማሽ ብቻ ነው። ሰውየው ግን ፐርሰንቱን ያሰላው በሙሉው ቤት ላይ ነው። ሴትዮዋ ከራሳቸው ንብረት ላይ፣ ማንም ላልነካባቸው ድርሻ፣ ኮሚሽን ሊከፍሉ ነበር። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው ሚስት ባሏን ትወርሳለች ብሎ ያስባል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ ከወራሾች ተርታ የለም። የጋራ ንብረቱን ግማሽ የምትወስደው በትዳሩ ነው። ይህን ሳይነግራችሁ ሒሳብ የሚጀምር ጠበቃ ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ።

ለመሆኑ ክርክር የሌለበት ወራሽነት ምን ሥራ አለው? ማመልከቻ ይጻፋል። የሞት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ይወጣል። የልጆች ልደት ሰነድ ይያያዛል፣ ምስክር ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ አይቶ የወራሽነት ማስረጃ ይሰጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 996 ነው መሠረቱ። ቤቱ ገንደ ቆሬ ያለ አንድ ክፍል ይሁን ከዚራ ያለ ሰፊ ግቢ፣ ወረቀቱ ያው ነው። ልፋቱ በቤቱ ዋጋ ልክ አይጨምርም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ቁርጥ ዋጋ ጠይቁ፣ በብር። ፐርሰንት ወግ ያለው እውነተኛ ሙግት ሲኖር ነው፣ ለምሳሌ አንዱ ቤቱን ይዞ አልለቅም ካለ። ያኔም ቢሆን የሚሰላው ተከራክሮ ካስገኘላችሁ ድርሻ ላይ መሆን አለበት።

አንዳንዱ ደግሞ ለማፋጠን ብሎ «ጅቡቲ ያለውን ወንድማችሁን አሁን አታንሱት፣ ኋላ ታካፍሉታላችሁ» ይላል። አደራ፣ እንዳትሰሙት። ልጆች እኩል ነው የሚወርሱት። ከአባቱ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ደግሞ የእሱ ልጆች በቦታው ይገባሉ። የተዘለለው ሰው ቆይቶ መጥቶ ማስረጃው ይሰረዝልኝ ማለት ይችላል። ያን ጊዜ ተከሳሹ እናንተ ናችሁ እንጂ ጠበቃው አይደለም። ውጭ ያለ ልጅ ባይመጣም ባለበት አገር በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ይልካል። እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ያልቃል።

ከውሉ ጋር የውክልና ረቂቅም ነበር። አንድ ሙሉ ገጽ ነው፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተጻፈ። «ማስረጃ እንዲያወጡ፣ ግብር እንዲከፍሉ፣ ፋይል እንዲከታተሉ» እያለ ይቀጥልና መሃል ላይ «እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ በዋስትና እንዲያስይዙ፣ የሽያጩን ገንዘብ እንዲቀበሉ» የሚል አለበት። ወራሽነት ለማውጣት ቤት መሸጥን ምን አመጣው? ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል። ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል፣ አንቀጽ 2204 እና 2205ን ማየት ነው። እና እነዚህ ቃላት ተረስተው የገቡ አይደሉም፣ ታስቦባቸው ነው። ተወካዩ ማን እንደሆነ ስናይ ደግሞ ጠበቃው አይደለም። በር ላይ ያገኛቸው ደላላ ነው።

ኑዛዜውም ሌላ ጉድ ነው። ለእናትየው ግማሽ ድርሻ «አብሮ ይዘጋጅ» ተብሎ በኮምፒውተር ተጽፏል፣ ታች የሁለት ምስክር መፈረሚያ አለው። አንዱ ምስክር ያው ደላላው ነው። አሁን ይህ ኑዛዜ ተፈርሞ ቢቀመጥ፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ ቅር ያለው አንድ ልጅ በቀላሉ ያፈርሰዋል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአንቀጽ 881 መሠረት በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ተናዛዡም ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርማሉ። ሁለት ምስክር የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ ዳኛ ወይም የማዋዋል ሥልጣን ያለው ሰው ሆኖ በሥራው ላይ ሲገኝ ነው። ደላላ ይህ የለውም።

ራሳችሁ ጽፋችሁ ማስቀመጥም ትችላላችሁ። ግን ሙሉው በእጃችሁ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ የሚናገር፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያለው ይሁን። በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው። አልጋ ላይ ሆኖ «ቤቱ ለታናሿ ይሁን» ማለት ደግሞ ቤት አያወርስም። የቃል ኑዛዜ ስለ ቀብር፣ ስለ ትንንሽ ልጆች አሳዳጊና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የሚያገለግለው። (የቀበሌ ቤት ለመናዘዝ የሚመጣም ሰው አለ። የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው አቦ!)

ሰውየው በቃል ሌላ ምክር ሰጥቷቸዋል። «ኑዛዜ ጣጣ ነው፣ ዛሬውኑ በስጦታ ለልጅሽ አዙሪው።» ይሄ ምክር ሁለት መዘዝ አለው። ኑዛዜን ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ሐሳቡን ቀይሮ ይሽረዋል። ስጦታ ግን ስሙ ዛሬ ዞረ ማለት ነው፣ መመለሱ ከባድ ነው። ልጁ ነገ ዕዳ ውስጥ ቢገባ እናትየው በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። ሌላው መዘዝ የመሬቱ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ (ያለ ሊዝ የቆየ ቦታ ማለት ነው) ከውርስ ውጪ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። በውርስ ቢሆን ያልነበረ የሊዝ ክፍያ ይዞ ይመጣል።

እንደ ድሬ ባለ ከተማ ደግሞ ጠበቃ ቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ሟቹ ሙስሊም ነበሩ? ቤተሰቡ ጉዳዩን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይፈልጋል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ይህን የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው፣ ማንም አይገደድም። በሸሪዓ ደግሞ ኑዛዜ ከሢሶ አይበልጥም፣ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ በቀር ለወራሽ አይናዘዙም። አንዱ ልጅ ወደ ሸሪዓ፣ ሌላው ወደ መደበኛው እያለ ስንት ቤተሰብ ተለያይቷል። በአንድ ቤት ሁለት ሃይማኖት ባለበት ሰፈር ይህን ሳይጠይቅ ኑዛዜ የሚያረቅ ሰው ፎርም እየሞላ ነው ማለት ነው።

ጠበቃውን ስታገኙ ቢሮው ድረስ ሂዱ፣ ካፌ ላይ አትፈርሙ። ፈቃዱን አሳየኝ በሉት። ነውር የለውም፣ ደህናው ጠበቃ ራሱ አውጥቶ ያሳያችኋል። ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፣ መታደሱን እዩ። ከሐረር ወይም ከሌላ ክልል የመጣ ከሆነ የያዘው የክልል ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን ጠይቁ። በዚያ ፈቃድ ፌዴራል ፍርድ ቤት አይቆምም። ውሉ ላይ የሚፈርመው ፈቃዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው ይሁን። ለምን ሥራ ስንት ብር እንደሆነ ተለያይቶ ይጻፍ፤ ወራሽነት ይህን ያህል፣ ስም ማዞር ይህን ያህል እየተባለ። ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ካርታውንና ሌላውን ኦሪጅናል ሰነድ ኮፒ እንጂ ራሱን አትስጡ። «ኦሪጅናሉ እኔ ጋ ይቀመጥ» ካላችሁ መልሳችሁ አንድ ቃል ነው።

እናትየው አልፈረሙም። ልጃቸው ሌላ ጠበቃ ጠይቆ ለወራሽነቱ ብቻ በቁርጥ ዋጋ ተዋውለዋል። ዋጋውን አልጽፈውም፣ ከቤቱ ከመቶ 15 ጋር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚገባ አይደለም።

ቀድማችሁ እንዲህ ያለ ውክልና የሰጣችሁ ካላችሁ፣ ውክልና በማንኛውም ጊዜ ይሻራል። ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሂዱና መሻሪያውን አስመዝግቡ። ለተወካዩ በጽሑፍ አሳውቁት፣ የተቀበለበትን ፊርማ ያዙ። አንድ ኮፒ ደግሞ የቤታችሁ ፋይል ላለበት የመሬት ቢሮ አስገቡና ገቢ ማኅተም አስመቱበት። ይሄን ቀጠሮ ሳትሰጡት አድርጉት፣ ሽያጩ ካለቀ በኋላ ክርክሩ ከገዢው ጋር ነው የሚሆነው።