ለአሮጌ ኮሮላ የእግር ሥራ፦ ያገለገለ፣ ርካሽ አዲስ ወይስ ኦሪጅናል?

የደሴ ኮብልስቶን ላይ ፊቱ ኳ ኳ የሚል፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ኩርባው ላይ የሚዋልል አሮጌ ኮሮላ ይዛችሁ ጋራዥ ስትገቡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው አሞርዛተር (የመኪናውን መዝለል የሚያበርደው) ነው። አሞርዛተሩ ያለቀ መኪና ግን ምልክቱ ሌላ ነው፤ ከጉድጓድ ወጥቶም መዝለሉን አያቆምም፣ አሞርዛተሩም በዘይት ይርሳል። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ የሚንኳኳ ከሆነ መጀመሪያ የብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ) ጎሚኒንና (መጋጠሚያው ላይ ያለው የላስቲክ ትራስ) ባልጆይንትን (ብራቾውን በጎማው በኩል የሚያገናኘው ተሽከርካሪ ኳስ) አስፈትሹ። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ላይና ታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ባልጆይንቱ ወይም ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው።

ብራቾ። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ የሚመጣው ያገለገለ ኦሪጅናል ብረቱ ጥሩ ነው፤ ጎሚኒው ግን እናንተ መኪና ላይ ያለውን ያህል አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ላስቲክ በመቀመጥም ይደርቃል። ርካሹ አዲስ ብራቾ ከነጎሚኒው ስለሚመጣ ሥራው ይፈጥናል፣ ጎሚኒው ግን ቶሎ ይሰነጠቃል። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፦ የራሳችሁ ብራቾ ካልተጣመመና ዝገት ካልበላው፣ ጥሩ ጎሚኒ ገዝቶ በፕሬስ (በመጭመቂያ ማሽን) ማስገባት። በመዶሻ እየቀጠቀጠ የሚያስገባ ካጋጠማችሁ ግን ርካሹ ብራቾ ይሻላል። ጠንካራውን የፖሊዩሪቴን ጎሚኒ ለኮብልስቶን አልመክርም፤ ንዝረቱን ሁሉ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ቅባት ሲያጣም ይጮኻል።

ባልጆይንት። ያገለገለ አይገዛም፣ በቃ። ከተነቀለ ጎማው ይታጠፋል። የ1990ዎቹ ኮሮላ ባልጆይንት ከብራቾው በብሎን ስለሚለይ፣ ለእሱ ሲባል ሙሉ ብራቾ መግዛት አያስፈልግም።

አሞርዛተር። ዘይት ተሞልቶ የተበየደው ዋጋው ያማልላል፤ ጎሚኒውም ዘይቱን የሚያግደው ማኅተሙም (ሲሉ) አሮጌ ነውና ገንዘባችሁን አታባክኑ። ካያባን የመሰለ የታወቀ ምርት ከታመነ ሱቅ፣ ግራና ቀኙን በአንድ ላይ ግዙ፤ አስመስሎ የተሠራም አለና ካርቶኑን ብቻ አትመኑ። ኮሮላ ላይ ፊት ለፊት ያለው አሞርዛተር ከሞላው (ከተጠቀለለው የብረት ስፕሪንግ) ጋር አብሮ ስለሚፈታ፣ የላዩ ማረፊያ ላስቲክ ካረጀ በዚያው ይለወጥ። የእጅ ዋጋ ሁለቴ መክፈል አይቀርላችሁም አለበለዚያ።

ሞላ። እዚህ ላይ ያገለገለው ያዋጣል። ያልተሰነጠቀ፣ ግራና ቀኙ እኩል ቁመት ያለው ይሁን። 

ገንዘቡ ካልበቃ ባልጆይንት ይቅደም፣ ጎሚኒ ይከተል፣ አሞርዛተር ቀጥሎ፣ ሞላ መጨረሻ። የአላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከያ) ብር ከዕቃው በፊት ለዩት፤ ካልተስተካከለ ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ ቆማችሁ ተከታተሉ፦ የጎሚኒው ብሎን በመጨረሻ መጥበቅ ያለበት መኪናው በራሱ ክብደት ጎማው ላይ ሲያርፍ ነው። ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀርና አዲሱ ጎሚኒም ያለጊዜው ይቀደዳል። «ልዩነት የለውም» የሚል መካኒክ ከሆነ፣ ዕቃችሁን ይዛችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።