ሳነቴ ወይስ ሐረና? በባሌ ተራሮች የዱር እንስሳት ፍለጋ

ቀይ ቀበሮን ማየት ለሚፈልግ የሳነቴ አምባ ይሻላል። ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ዛፍ አይጋርድም፤ ቀበሮውም ፍልፈል የሚያድነው በቀን ነውና ከመኪና መንገዱ ብዙም ሳይርቁ በአቅርቦ ማሳያ መነጽር ይታያል። ጎባ ከተማ ሳያድሩ በቀጥታ መውጣት ግን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ይችላል። ማለዳ ውርጭ ስላለ ጓንት አይረሳ።

ሐረና ደን ትዕግሥት ይጠይቃል። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይቀድማል፤ ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ቆሞ መጠበቅ ነው። የባሌ ጦጣ በአብዛኛው የሚመገበው የቀርከሃ ቅጠል በመሆኑ፣ አካባቢውን ከሚያውቅ አስጎብኚ ጋር ወደ ቀርከሃው መሄድ ያዋጣል። አንበሳም አለ፤ አየዋለሁ ብሎ መሄድ ግን አይገባም።

አንድ ቀን ብቻ ላለው ምርጫችን ሳነቴ ነው። ሁለት ቀን ካለ፣ በማግስቱ ቁልቁል ወደ ሐረና።