ከአንድ ካሜራ ጋር 8 ወር፦ የጣና ሰማይ ከግራ እስከ ቀኝ

ባሕር ዳር ፎቶ የሚያነሳ ሰው የጣናን ጠዋት ያውቀዋል። ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ንፋስ ሳይነሳ፣ ውሃውና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። መሃል ላይ ከደንገል የተሠራች አንዲት ታንኳ ብቻ ትታያለች። ሲያዩት ቀላል ፎቶ ይመስላል። ለካሜራ ግን ከባድ ፈተና ነው።

የድሮ ካሜራዬ የወደቀው እዚህ ላይ ነው። የሚያነሳው ፎቶ ቀኝ ጎኑ ከግራው ትንሽ ይጠቁር ነበር። በጣም ትንሽ ጥላ ናት፣ ደንበኛ ላያያት ይችላል። እኔ ግን አንዴ ካየኋት በኋላ ዓይኔ ከእሷ ሌላ አላይ አለኝ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ዓባይን በ6 ፎቶ ቀጣጥዬ ሰፊ ምስል ልሠራ ስል ደግሞ ነገሩ አፍጥጦ ወጣ። የአንዱ ፎቶ ጨለም ያለ ጎን ከሚቀጥለው ብሩህ ጎን ጋር ሲጋጠም፣ ሰማዩ እንደ ጋቢ ጥለት ባለ መስመር ሆነ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሌንሱን ነበር። ሌንስም እኮ ጠርዝ ያጠቁራል። ግን የሌንስ ጥቁረት ከመሃል ተነስቶ ወደ አራቱም ማዕዘን እኩል ይሄዳል። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ጠበብ ሲያደርጉትም ይቀንሳል። የእኔው ወደ አንድ ጎን ብቻ ያጋደለ ነበር። ሌንስ ብቀይርም፣ አፐርቸሩን ባጠብም ንቅንቅ አላለም። ካሜራውን ወደ ቁም ሳዞረው ጥላውም አብሮ ዞሮ ከላይ ወደ ታች ሆነ። ሰማዩ እንዳልሆነ በዚህ አወቅሁ። ችግሩ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ቺፕ፣ ሴንሰሩ ውስጥ ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ካሜራ የምመርጥበት መንገድ የተቀየረው። ፒክሰል የሚባለው የሴንሰሩ ትንሽ ነጥብ ብርሃንን ወደ ቮልቴጅ ይለውጣል። ያንን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚቀይረው ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ቀያሪው፣ በአጭሩ ኤዲሲ የሚሉት ነው። ድሮ በብዙ ካሜራዎች ይህ ሥራ ከሴንሰሩ ውጭ ነበር የሚሠራው። ሶኒ በ2007 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ የፒክሰል ዓምድ የራሱን ቀያሪ እዚያው ሴንሰሩ ላይ ያደረገበትን ዲዛይን አወጣ። ዛሬ አሠራሩ የተለመደ ነው። 24 ሜጋፒክሰል ሴንሰር ላይ ወደ 6000 የሚጠጉ ዓምዶች አሉ። ሁሉም ባንዴ ይለካሉ።

አለካኩን እንዲህ አስቡት። ሐይቁ ዳር 6000 እንጨት ተተክሏል። በእያንዳንዱ ላይ ምልክት አለ፤ ምልክቱ የፒክሰሉ ቮልቴጅ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ይሞላል። ይሄኛው ራምፕ የሚባለው፣ እየጨመረ የሚሄድ ቮልቴጅ ነው። ውሃው ምልክቱን እስኪነካ ቆጣሪው ይቆጥራል፣ ሲነካ ያቆማል። የቆመበት ቁጥር የዚያ ፒክሰል ብሩህነት ነው። እንግዲህ ውሃው በግራና በቀኝ እኩል ከፍታ ከሌለው ቆጠራው በሙሉ ይዛባል።

የኤሌክትሪክ መስመሩም አለ። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው ቧንቧ ሲከፍት መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ውሃ ይደክምበታል። ሴንሰር ውስጥም ከኃይል መግቢያው የራቀው ዓምድ ቮልቴጁ ዝቅ ይልበታል። ግራጫው ጠዋት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው! ሰማዩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሺዎቹ ዓምዶች ምልክታቸውን የሚነኩት ባንድ ቅጽበት ነው። ሁሉም ቧንቧ አብሮ ተከፈተ ማለት ነው።

ጥሩ ዲዛይን ይህን ከሥሩ ይይዘዋል። ኃይሉን ከሁለቱም ጎን ያስገባል፣ ራምፑን መንገድ ላይ በሚያበረቱ ማጉያዎች ያሳልፋል፣ የዓምዶቹን ሥራ በጊዜ ያበታትናል። ሌላው ብልሃት ደግሞ ሁለቴ መቁጠር ነው። መጀመሪያ ባዶውን ፒክሰል ወደ ታች፣ ከዚያ ብርሃን ያለበትን ወደ ላይ። ነጋዴ ጤፉን ሳይመዝን ባዶ ጆንያውን እንደሚመዝነው ማለት ነው። የየዓምዱ የግል ስህተት አብዛኛው ይሰረዛል።

ያሁኑን ካሜራ ጥቅምት ላይ ገዛሁት፣ ያገለገለ ነው። ከመክፈሌ በፊት ሌንሱን አውልቄ ወደ ደመናማ ሰማይ አዞርኩና አነሳሁ። ከዚያ ክዳኑን ዘግቼ በከፍተኛ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ደገምኩ። ሁለቱንም ቤት ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ኮንትራስቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ንጹህ ነበር። በማግስቱ ከፈልኩ።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ አላረፈም። ጥር ላይ ሠርግ በሠርግ ነበርኩ። ሐይቁ ዳር ነጭ ቬሎ ከነጭ ደመና ጋር ሲገጥም ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ዓይነት ነው፤ አልበሙ ላይ እርማት አላስፈለገኝም። የቤዛዊቱን ምስልም ደገምኩት፣ ያው 6 ፎቶ። መጋጠሚያው የት እንደሆነ እኔ ራሴ አጣሁት። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ።

ትልቁ ፈተና ዘጌ ላይ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ነበር። አስፈቅጄ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ያለ ፍላሽ አነሳሁ። አይኤስኦ 6400። እንዲህ ባሉ ሴንሰሮች አይኤስኦ ከፍ ሲል ራምፑ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ይደረጋል። ስለዚህ ትንሿ የቮልቴጅ ስህተትም ብዙ ቁጥር ትሆናለች። የድሮው ካሜራ ቢሆን ቀኙን ያጨልመው ነበር። ይሄኛው ላይ ጨለማው ቦታ አሸዋ አሸዋ ይላል እንጂ ወደ አንድ ጎን አላጋደለም። አሸዋውን በሶፍትዌር አለስልሼዋለሁ።

የማይመቹኝም አሉ። ድምፅ በሌለው ፈጣን ማንሻ ካሜራው ከ14 ቢት ወደ 12 ቢት ይወርዳል። 14 ቢት እስከ 16,384 መቁጠር ነው፣ 12 ቢት 4,096። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የሚበር ፔሊካን ሳነሳ ግድ የለኝም። ጨለም ያለ ፎቶ በኤዲት ሳበራ ግን የጥላው ሽግግር ደረጃ ደረጃ ይሠራል። አሁን ለጠዋቱ ሐይቅ ሁሌ በ14 ቢት ነው የማነሳው።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አስቸገረኝ። ማታ 3 ደቂቃ ከፍቼ ኮከብ ሳነሳ የታችኛው ቀኝ ማዕዘን ቀላ። ይህ ከኤዲሲው አይደለም፣ ሴንሰሩ ሲሞቅ በራሱ የሚፈጥረው ፍሰት ነው። ወዲያው ክዳኑን ዘግቼ በዚያው ርዝመት አንድ ጨለማ ፎቶ አነሳና ከዋናው እቀንሰዋለሁ፤ ይጠፋል። ባትሪውም ቶሎ ያልቃል፣ ወደ ደሴቶቹ ስሻገር 2 ትርፍ እይዛለሁ።

የድሮውን እስካሁን አልሸጥኩትም። የሚገዛኝ ካለ ያችን ጥላ ያለችበትን ፎቶ ቀድሜ አሳየዋለሁ።