ሪፒተር ወይስ አንፀባራቂ ሰሌዳ? ሲግናል ለማይደርስበት ጥግ የትኛውን ልግዛ

ዋይፋይ እምቢ የሚልበት ጥግ ያለው ሰው ቶሎ የሚያስበው ሪፒተር መግዛትን ነው። አሁን ሌላ ምርጫም አለ። ሞገዱን ወደተፈለገበት አቅጣጫ የሚመልስ፣ አቅጣጫውም በሶፍትዌር የሚቀያየር ሰሌዳ።

ሪፒተር ሲግናሉን ተቀብሎ በራሱ ጉልበት እንደ አዲስ ይልካል። ስለዚህ ግድግዳ ለበዛበት ቤት ይሆናል። ርካሾቹ ግን በአንድ ሬዲዮ በተራ እየተቀበሉ ስለሚልኩ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርድባችኋል።

ሰሌዳው ምንም አያጎላም። ፊቱ ላይ የተደረደሩት ትንንሽ ክፍሎች ሞገዱን እያንዳንዳቸው በተለያየ መጠን አዘግይተው ይመልሱታል። መዘግየቱ በልክ ሲሰላ ሞገዶቹ በአንድ አቅጣጫ ይደጋገፋሉ። ወረብ ላይ መዘምራን እኩል ሲያጨበጭቡ ድምፁ እንደሚያይለው ማለት ነው።

ገዢ ልብ ሊለው የሚገባው መጠኑን ነው። አንዱ ክፍል የሞገዱን ግማሽ ርዝመት ያህላል። አንዳንድ የ5ጂ ኔትወርክ በሚሠራበት የሞገድ ድግግሞሽ፣ በ28 ጊጋኸርትዝ፣ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 10,000 ያህል ይይዛል። በተለመደው 2.4 ጊጋኸርትዝ ዋይፋይ ግን 6 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ያው ሰሌዳ የሚይዘው 64 ብቻ ነው! ክፍሎቹ እጥፍ ሲሆኑ የሚመለሰው ጉልበት እስከ አራት እጥፍ ስለሚያድግ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የጃፓኑ የሞባይል ኩባንያ ዶኮሞ ከመስታወት አምራቹ ኤጂሲ ጋር በ2020 እ.ኤ.አ. የዚህን ዘር የሆነ ግልጽ ሰሌዳ ሲሞክር በ28 ጊጋኸርትዝ የሠራው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ለመኖሪያ ቤት ሰሌዳውን አልመክርም። የራሱ 5ጂ ኔትወርክ ላለው ፋብሪካ ወይም ሰፊ መጋዘን ግን፣ በተለይ ሰውና ማሽን ከቦታ ቦታ በሚንቀሳቀስበት፣ ደስ ብሎኝ እመክረዋለሁ። ኤሌክትሪክ የሚፈጀውም በጣም ትንሽ ነው።

መሀል ላይ ሦስተኛ አማራጭ አለ፤ አቅጣጫው የማይቀያየር አንፀባራቂ። በ2017 እ.ኤ.አ. የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በስሪዲ ፕሪንተር የተሠራ ፕላስቲክ በፎይል ሸፍነው፣ በ35 ዶላር ገደማ የዋይፋዩን አቅጣጫ መቀየር ችለዋል። ጥጉ ሁሌም አንድ ከሆነ ይበቃል።

ሰሌዳውን ከመረጣችሁ ከአንቴናው አጠገብ ወይም ከተጠቃሚው አጠገብ ስቀሉት፤ መሀል መንገድ ላይ በጣም ይደክማል። ሁለቱንም ወገን ያለ ከልካይ ማየት አለበት። ሻጩንም ለየትኛው ጊጋኸርትዝ እንደተሠራ፣ ስንት ክፍል እንዳለውና ከአንቴናችሁ ጋር ማን እንደሚያገናኘው ሳትጠይቁ አትክፈሉ።