አጥር ወይስ ጎረቤት?

አውራሪስን እንደ ኬንያው ናኩሩ ሐይቅ ፓርክ አጥሮ በጠባቂ ማስጠበቅ ይቻላል። ሕገወጥ አዳኝ በቀላሉ አይገባም። ግን ጥቁር አውራሪስ ቅጠል በል ነው፤ ቦታው ሲጠበው ቁጥቋጦውን ይጨርሰዋል፤ የሚዛመዱትም እርስ በርስ መራባት ይጀምራሉ። ከፊሉን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ግድ ይላል፤ ይሄ ደግሞ ብር ይበላል።

ናሚቢያ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከዱር እንስሳት የሚገኘውን ጥቅም ለነዋሪዎች ማኅበራት ሰጠች። በኩኔኔ ደረቅ ምድር አውራሪስ ያለ አጥር ይንቀሳቀሳል፤ ዱካውን የሚከታተሉትም የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

እኔ ለዚህኛው አደላለሁ። እዚሁ አዲስ አበባ አቅራቢያ፣ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ የምኒልክ ድኩላና ጉሬዛ አሉ። ጎረቤቱ ገበሬ ከብቱን እዚያ ከሚያሰማራ ይልቅ ሣሩን አጭዶ በሸክም ቢወስድ የጥዱ ችግኝ በኮቴ አይረገጥም። መጥረቢያ ይዞ የሚገባውንም ከማንም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።